ወይዘሮ ማርታ ያልጠሩት ስም

ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላኝ ሆሳዕና ተጠራሁ። አዲስ የተመደቡ የትራፊክ ፖሊሶች ሥልጠና ላይ ነበሩና «የሥራ ልምድህን ንገራቸው» ተባልኩ። ልምድ ተናገር ሲባል ሰው ሁሉ ያማረውን መርጦ ነው የሚያወራው፤ እኔም እንደዚያው አደረግሁ። መጨረሻ ላይ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ኮንስታብል እጇን አወጣች።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ሹፌር መንገድ ላይ ተናዶ መሣሪያ ቢያወጣ የምንከሰው በየትኛው አንቀጽ ነው?»

ጥያቄዋ ደስ አለኝ። በሕጋችን ውስጥ ስለ ተናደደ ሹፌር ብቻ የሚናገር አንቀጽ እንደሌለ ነገርኳት። መንገድ መዝጋቱና አነዳዱ በትራፊክ ደንቡ ይታያል። መሣሪያው ፈቃድ አለው ወይ፣ የትስ ይዞት ሄደ የሚለው በጦር መሣሪያ አዋጁ ይታያል። ከተኮሰ ደግሞ የወንጀል ሕጉ ይመጣል፤ ለመግደል አስቦ ነው፣ ለማቁሰል ነው ወይስ ለማስፈራራት ተብሎ ይለያል። «ንዴቱ አንድ ነው፤ ወረቀት ላይ ግን ሦስት ቦታ ይከፈላል። አንዱን አበላሽተሽ ከሠራሽው ሌሎቹም አብረው ይፈርሱብሻል» አልኳት። ጻፈችው። አጨበጨቡልኝ፣ ለስላሳም ጋበዙኝ።

ቤቴ ስደርስ የቀረበልኝን ምሳ ትቼ ተነሳሁ። ባለቤቴ «አሞህ ነው?» ብላ ግንባሬን ዳሰሰች። አላመመኝም። ለዚያች ልጅ የሰጠኋት መልስ ግማሽ ነበር። የቀረውን ግማሽ እዚህ ልጽፈው ነው።

ሥራ የጀመርኩት ቦኖሻ ነው። ያኔ በቀን የሚያልፈው መኪና በጣት የሚቆጠር ስለነበር አብዛኛው ጊዜያችን በጋሪና በከብት ጭቅጭቅ ያልፍ ነበር። አለቃዬ ኢንስፔክተር ሙዘሚል ነበሩ፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ቆባቸውን ከግንባራቸው ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አድርገው የሚደፉ ሰው። የማውቀውን ሥራ ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አደጋ ቦታ ሲደርሱ ሁለቱንም እጃቸውን ኪሳቸው ከተው መኪናውን ሦስት ጊዜ ይዞሩታል። መጀመሪያ ግራ ይገባኝ ነበር፤ ሰው እየጮኸ እሳቸው ይንሸራሸራሉ። ኋላ ስጠይቃቸው «እጄ ከዓይኔ በፊት እንዳይነካ ብዬ ነው» አሉኝ።

የተጣሉ ሹፌሮችን ሲያገኙ ደግሞ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ምንጊዜም አንድ ነበር። «የት እየሄድክ ነበር?» ይላሉ። አንድ ቀን አንድ የአይሱዙ ሹፌር ከባለ ጋሪ ጋር ተጣልቶ የመኪና ክሪክ ብረት ጨብጦ አገኘነው። እኔ ብረቱን ልነጥቀው ስሮጥ እሳቸው ከኋላዬ ቀስ ብለው መጥተው ጠየቁት። ሰውዬው «ሚስቴ ጤና ጣቢያ ናት፤ ልትወልድ ነው» አለና ብረቱን እንደያዘ አለቀሰ። ብረቱን ባለ ጋሪው ራሱ ተቀብሎ መሬት አስቀመጠው። ኢንስፔክተር ሙዘሚል ሰውን ሁሉ ይወዱ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ጥፋተኛውን ያለ ርኅራኄ ይከሱት ነበር። ግን መንገድ ላይ የሚናደድ ሰው ንዴቱን ከሌላ ቦታ ጭኖ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር።

ሦስተኛው ልማዳቸው የምስክር ቃል አጻጻፋቸው ነው። ምስክሩ «ያ ረጅሙ» ካለ «ያ ረጅሙ» ብለው ይጽፋሉ፤ የረጅሙን ስም፣ አባቱንና ቀበሌውን እያወቁ እንኳ። በሀዲይኛ የተነገረውን ወደ አማርኛ ሲመልሱ ላብ ያጠምቃቸው ነበር። ከዚያ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ ሙሉውን ያነቡለትና «የኔ ቃል ገባበት እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ። ምስክሩ «የለም» እስኪል አያስፈርሙም። እኔ ወጣት ስለነበርኩ በሆዴ አሾፍባቸው ነበር። አንድ ተራ ግጭት ግማሽ ቀን ይበላብን ነበር።

ከቦኖሻ በኋላ ብዙ ቦታ ተዘዋውሬ ሀቢቾ ተመደብኩ። የሀቢቾ አለቃዬ ከመዝገቡ ይልቅ የመዝገቡን ሽፋን የሚያይ ሰው ነበር። ጽሑፉ ካማረ ምርመራው ያማረ ይመስለዋል፤ እኔም እጅ ጽሑፌ ጥሩ ስለነበር ወደደኝ። የጦር መሣሪያ አዋጁ ወጥቶ ምዝገባ ሲጀመር በእጅ ጽሑፌ የተነሳ መዝጋቢ ሆንኩ። ገበሬው መሣሪያውን በጋቢ ጠቅልሎ፣ አንዳንዱም በማዳበሪያ ከረጢት ከትቶ ይመጣል። አንድ ሽማግሌ የመሣሪያቸውን ቁጥር ስገለብጥ ቀና ብለው አዩኝና «ይኼ ወረቀት፣ ስናደድ እጄን ይይዝልኛል?» አሉኝ። «እጅዎን እርስዎ ይያዙት፤ ወረቀቱ ከያዙት በኋላ ነው የሚያገለግለው» አልኳቸው። ሳቁና ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ፈረሙ።

ወደ ሾኔ የተዛወርኩት ዋና ሳጅን ሆኜ ነው፤ የአደጋ ምርመራ ኃላፊ። ነገሩ የሆነው እዚያ፣ በገበያ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ነው።

ሳሙኤል የሚባል ወጣት ሹፌር ሚኒባስ ሞልቶ ከሾኔ ወደ ዱራሜ እየወጣ ነበር። ተሳፋሪ ሊያወርድ ፍሬቻ ሳያሳይ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ከኋላው ይመጣ የነበረ ፒካፕ ለጥቂት ዳነ። ባለ ፒካፑ ጡሩንባ እያስጮኸ ቀደመውና መኪናውን አጋድሞ መንገዱን ዘጋ። ሁለቱም ወረዱ። ሳሙኤል ይቅርታ ማለት ሲገባው «መንጃ ፈቃድህን ከገበያ ነው እንዴ ያነሳኸው?» አለው፤ በዕድሜ አባቱ የሚሆነውን፣ በአካባቢው የተከበረ ነጋዴ፣ በአሥራ ሁለት ተሳፋሪ ፊት። ከፒካፑ ሌላ ሰውም ወረደ፤ የነጋዴው የወንድም ልጅ። ከዚያ ሽጉጥ ተተኮሰና የሳሙኤልን ጉልበት ሰበረው።

ባለ ፒካፑን በስሙ አልጠራውም። ያንን ስም አንድ ጊዜ ያለቦታው ጽፌው የደረሰው ይበቃል።

ስደርስ እጄን ኪሴ ከትቼ ዞርኩ። ፍሬን የያዘበትን ምልክት በሜትር ለካሁ፣ የሁለቱን መኪኖች ጎማ በጠመኔ ከበብኩ፣ ንድፉን ሣልኩ። ቀለሃውን ከፒካፑ በስተቀኝ ሣር ውስጥ አገኘሁት። ቀለሃ ተኳሹ የት እንደቆመ ሊነግርህ ይችላል፤ ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ቆመው ከነበረ ግን የትኛው እንደተኮሰ አይነግርህም። አጎትና የወንድም ልጅ ደግሞ «ስንነጣጠቅ ባረቀብን» ብለው ቃላቸውን አንድ አደረጉ።

ባለ ፒካፑን የኢንስፔክተር ሙዘሚልን ጥያቄ ጠየቅኩት። «የት እየሄድክ ነበር?» አልኩት። «ወንድሜን ልቀብር» አለኝ፤ ቀና ብሎ አላየኝም። አዘንኩለት፤ አሁንም አዝንለታለሁ። ሳሙኤል ግን መሬት ላይ ተኝቶ ደሙ ይፈስ ነበር።

ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ሁሉም «ተደፍቼ ነበር» አሉ። ጋቢና የተቀመጡት ወይዘሮ ማርታ ብቻ «እኔ አይቻለሁ፤ እመሰክራለሁ» አሉ። የጴጥሮስ እናት እየተባሉ የሚጠሩ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ቃላቸውን የሚያከብሩ ገበሬ ናቸው። ጣቢያ ወስጄ ቃላቸውን በሀዲይኛ ተቀበልኩ። ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገሩኝ። ማን ተኮሰ ስላቸው «የአማቴ ሞክሼ» አሉ።

የእኛን አገር ለማያውቅ ልንገረው። በእኛ ዘንድ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ በዚያው ስም የሚጠራ ሌላ ሰው ቢኖር የእሱንም አትጠራም። አሁን አሁን ወጣቶቹ እየተዉት ነው፤ የወይዘሮ ማርታ ዕድሜ ያሉት ግን እስከ መቃብር ይጠብቁታል። እናቴም እንደዚያው ነበረች። ስለዚህ ሴትዮዋ ማንን እንዳሉ ወዲያው ገባኝ። አማታቸው የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሞክሼያቸውም ባለ ፒካፑ ነው።

እኔ ምን አደረግሁ? «የአማቴ ሞክሼ» ብዬ መጻፍ ሲገባኝ የባለ ፒካፑን ስም ከነአባቱ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፌ ጻፍኩት። ላስቸግራቸው አልፈለግሁም፣ አለቃም መዝገቡ ቶሎ ይላክ ብሎ ነበር፣ ደግሞስ ያሉት እሱን አይደል? ቃላቸውን ሳነብላቸው እዚያ መስመር ስደርስ አክብሬያቸው ስሙን ዘለልኩት። «የኔ ቃል ገባበት እንዴ?» ብዬ አልጠየቅኳቸውም። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አተሙ።

ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ሲያይ «ተጠርጣሪዎቹን ከሌሎች ሰዎች ጋር አሰልፋችሁ አስመርጣችኋታል?» ብሎ ደወለልኝ። «ስሙን ጠርታ የለ እንዴ፤ ምን ያደርጋል?» አልኩት። ያን ጊዜ እውነቱን ብነግረው ኖሮ ሰልፉን እናዘጋጅ ነበር፤ ወይዘሮ ማርታም ያለ አንዳች ቃል በጣታቸው ያሳዩ ነበር። ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

በችሎቱ ዕለት እኔ ጠዋት ስለ ንድፉና ስለ ቀለሃው መስክሬ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ማርታ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ፣ ማሉ፣ ያዩትን ሁሉ ተናገሩ። የተከላካዩ ጠበቃ የአገራችን ልጅ ነው፤ ልማዱን ከእኔ እኩል ያውቃል። ለመስቀለኛ ጥያቄ ሲነሳ እኔ የጻፍኩትን ወረቀት ይዞ ነበር።

«እናቴ፣ ለፖሊስ ይህን ስም ጠርተው ነበር?» ብሎ ስሙን አነበበላቸው።

«አልጠራሁም» አሉ።

«በሕይወትዎ ጠርተውት ያውቃሉ?»

«ጠርቼው አላውቅም።»

«እዚህ ግን ጠርተዋል ይላል፤ ጣትዎም አለበት። ታዲያ ማን ጻፈው?»

ወይዘሮ ማርታ ቀና ብለው አዳራሹን አዩ። ዓይናችን ተገናኘ። ቀጥሎ አንገታቸውን ደፉና «አላውቅም» አሉ።

ዐቃቤ ሕጉ ተኳሹን እንዲያሳዩ ጠየቃቸው፤ በጣታቸው አሳዩ። ጠበቃው ወዲያው «ተከሳሽ ሳጥን ውስጥ የቆመን ሰው ማሳየት ማን ያቅተዋል? ከዚያ በፊት ለይታው ታውቃለች?» አለ። ሰልፉን አላደረግንም ነበር። እኔ መነሳት ነበረብኝ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ» ለማለት ስድስት ቃል ይበቃ ነበር። ያልተባለን ቃል በምስክር ስም መጻፍ ከሥራ እንደሚያስባርር፣ ሊያሳስርም እንደሚችል አውቅ ነበር። ሁለት ልጆቼ ዩኒቨርሲቲ ነበሩ። ወንበሬ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ።

የምስክሯ ቃል አጠራጣሪ ነው ተብሎ ውድቅ ሆነ። ባለ ፒካፑ መንገድ በመዝጋቱ ብቻ ተቀጣ። ፈቃድ ያለው ሽጉጡም ተመለሰለት፤ ከዓመት በኋላ ታሞ በአልጋው ላይ ሞተ።

ከችሎት ስንወጣ ዐቃቤ ሕጉ «ምን ነካት?» አለኝ። እኔም «ፈርታ ይሆናል» አልኩ። ከተናገርኩት ሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህቺ ቃል ናት። አጠገባችን ቆመው የነበሩ ሹፌሮች ሰሟት። መናኸሪያ ስትደርስ «ፈርታ» የነበረው «ተገዝታ» ሆነ።

ሳሙኤል ጉልበቱ ስለማይታጠፍ ፍሪሲዮን መርገጥ አልቻለም፤ ተራ አስከባሪ ሆነ። ጓደኞቹ ደግሞ ተማከሩና ያቺን ሴትዮ ማንም እንዳይጭናት ወሰኑ። ወይዘሮ ማርታ ለአምስት ዓመት ገበያ የመጡት በእግራቸው ነው። ሸክማቸውን በጀርባቸው አዝለው የአስፋልቱን ዳር ይዘው ሲሄዱ ባዶ ወንበር ያለው ሚኒባስ እያለፋቸው ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቀን በጣቢያው መኪና አሳፈርኳቸው። እስከ ቤታቸው ድረስ ስለ በቆሎ አወራን። ስለ በቆሎ!

ኢንስፔክተር ሙዘሚል በእነዚያ ዓመታት ቦኖሻ ጡረታ ላይ ነበሩ። ልጠይቃቸው እሄድና ነገሩን ሳልነግራቸው እመለሳለሁ። ሳልነግራቸው ሞቱ።

እንግዲህ ከዚያ ሥልጠና በኋላ በማግሥቱ ወደ ሾኔ ወረድኩ። ልጆቼ ሥራ ይዘዋል፣ ጡረታዬም ተከብሯል፤ ድፍረቴ የመጣው የሚያስፈራኝ ነገር ካለቀ በኋላ መሆኑን አልደብቅም። ሳሙኤልን መናኸሪያው በር ላይ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አገኘሁት። «ሳጅን! ጠፉ እኮ» ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። ጥግ ወስጄ ሁሉንም ነገርኩት። ሲሰማኝ የታመመ እግሩን ዘርግቶ አስፋልቱን ያይ ነበር።

«እና እሳቸው አልተገዙም?» አለኝ።

«አልተገዙም። ያሉት እውነት ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«እና እርስዎ አምስት ዓመት አውቀው ዝም አሉ?»

«አዎ።»

ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝም ደስ ባለኝ። እሱ ግን ወደ ሹፌሮቹ ሄዶ ጥቂት አወራቸው። ድምፁ አልተሰማኝም፤ ፊታቸው ሲለዋወጥ ግን አየሁ። ተመልሶ «ይሂዱ፤ እሳቸው ፊት ይድገሙት» አለኝ። በአንድ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጠን ሄድን።

ወይዘሮ ማርታ ጓሯቸው ውስጥ የእንሰት ቅጠል እየቆረጡ ነበር። ሳሙኤልን ሲያዩ ቢላዋውን አስቀመጡ። የመጀመሪያ ቃላቸው «እግርህ እንዴት ነው?» የሚል ነበር። ሳሙኤል ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል የራሱ ጉልበት አልታጠፍ አለውና እሳቸው ደግፈው አቆሙት። እንደዚያ ተያይዘው እንደቆሙ እኔ የመጣሁበትን ተናገርኩ። ስሙን እኔ እንደጻፍኩት፣ ሳነብላቸው እንደዘለልኩት፣ «ፈርታ ይሆናል» ያልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሁሉንም።

ወይዘሮ ማርታ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ሳጅን፣ የጻፍከው አንተ መሆንህንማ ያን ዕለት አውቄያለሁ» አሉ። «ከአንተ ሌላ ማን ይጽፈዋል? ቃሌን የተቀበልከኝ አንተ ብቻ ነህ።»

«ታዲያ ዳኛው ፊት ለምን አላወጡኝም?»

«ጠበቃው ማን ጻፈው ሲለኝ አየሁህ። ፊትህ አመድ መስሏል። ይኼ ሰው ሊጠፋ ነው አልኩ።» የሳሙኤልን ክንድ ለቀቅ አድርገው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ ምዬ የዋሸሁት ያቺን አንዲት ቃል ነው። አላውቅም ያልኩትን። ለይኼ ልጅ ፍርድ ማስገኘት እንዳቃተኝ ገብቶኝ ነበር፤ ማዳን የምችለው አንተን ብቻ ነበር። ጌታ ይቅር ይበለኝ እያልኩ እስከ ዛሬ እጸልያለሁ።»